የመኪና የውስጥ መብራት፦ እንዴት ይለወጣል? ምን ያህልስ ይድመቅ?

በዚህ አምድ ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በመኪና ውስጥ ከጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል።

የፊት መብራት ሲቃጠል ባለመኪናው በዚያው ዕለት ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ፍሬቻ ሲጠፋ ትራፊክ ፖሊስ ያስታውሰዋል። የውስጡ መብራት ሲቃጠል ግን «ምን ቸገረኝ፣ መኪናው እንደሆነ ይሄዳል» ተብሎ ዓመት ሙሉ ይተዋል። በሌላ በኩል፣ በተለይም በወጣቶቻችን ዘንድ፣ የዚህ ተቃራኒ ይታያል፤ የሚኒባሱ ወይም የባጃጁ ውስጥ እንደ ሠርግ ድንኳን በልዩ ልዩ ቀለም ያሸበርቃል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው። ጨለማው ተሳፋሪውን ይጎዳል፤ ከመጠን ያለፈው ብርሃን ደግሞ የሾፌሩን እይታ ይከለክላል። ስለዚህ የውስጥ መብራት ለተቀመጠው የሚበቃ፣ የሚነዳውን የማይጋርድ መሆን ይኖርበታል። ይህ እንዴት እንደሚገኝ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

የውስጥ መብራት ለማን ነው?

አሶሳን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ባምባሲን፣ መንዲን፣ ነጆን፣ ጊምቢንና ነቀምትን አቋርጦ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የረጅም መንገድ ተጓዥ ብዙውን ጊዜ መናኸሪያ የሚደርሰው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። እናት ሕፃን አዝላ፣ በአንድ እጇ ዕቃ ይዛ ደረጃውን በዳበሳ ትወጣለች። አዛውንቱ የወንበር ቁጥራቸውን ለማግኘት የስልክ ባትሪ ያስበራሉ። ከጣሪያው ላይ ያለችው አምፖል በርታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስቸገረ ነበር።

በከተማም ውስጥ ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ባጃጅ ተሳፍሮ ሲመለስ፣ ልጅ ከመውረዱ በፊት እግሩ የሚያርፍበትን ማየት አለበት። ቦይ ይሁን ድንጋይ፣ ውሃ ይሁን ደረቅ መሬት መለየት አለበት። ሒሳብ ሲከፈልና መልስ ሲሰጥም እንዲሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 ብሩ ከተጨመረ ወዲህ፣ አንድ ኖት በስሕተት ቢሰጥ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በሰማያዊ ወይም በሐምራዊ መብራት ሥር ደግሞ የኖቶቹ ቀለም ይቀያየራል። ከፋዩም ተቀባዩም ሐቃቸውን አይተው እንዲለያዩ ከተፈለገ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ ብርሃን ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ምጥ የያዛትን እህት ወይም ትኩሳት የጸናበትን ሕፃን ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ይዞ የሚሄደውን መኪና እናስብ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው የፊቷን ሁኔታ፣ አተነፋፈሷን፣ ደም መፍሰስ አለመፍሰሱን ማየት ይኖርበታል። በዚያች ሰዓት የተቃጠለች አምፖል ዋጋዋ ይታወቃል።

አምፖሉን ማወቅ

በመኪና ውስጥ በብዛት የሚገኙት የአምፖል ዓይነቶች ጥቂት ናቸው።

ሀ/ የመጀመሪያው በሁለቱም ጫፍ የብረት ቆብ ያለው፣ ተጋድሞ በሁለት ስፕሪንግ መሰል ብረቶች መካከል የሚቀመጥ ነው። ሲ 5 ደብሊው የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ርዝመቱ እንደ መኪናው ይለያያል፤ ሱቅ ውስጥ የሚገኙት በተለይ 31፣ 36፣ 39 እና 41 ሚሊ ሜትር ናቸው። በብዛት ከጣሪያ ላይ የሚገኘው ይህ ነው።

ለ/ ሁለተኛው የብረት ቆብ የሌለው፣ የመስታወቱ እግር ጠፍጣፋ ሆኖ ቀጥታ ወደ ውስጥ የሚሰካ ነው። ደብሊው 5 ደብሊው ወይም ቲ 10 ይሉታል። በበር ላይ፣ በዕቃ መጫኛውና በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ በጣሪያውም ላይ ይገኛል።

ሐ/ ሦስተኛው ከዚህ ያነሰ፣ በዳሽቦርድ ውስጥ ለቆጣሪዎችና ለማብሪያዎች የሚያገለግል ነው። ይህን ለመለወጥ ዳሽቦርድ መፍታት ስለሚጠይቅ ለባለሙያ መተው ይመረጣል።

በስሙ ላይ ያለው 5 ቁጥር ኃይሉ 5 ዋት መሆኑን ያመለክታል። የብርሃኑ መጠንም ለሲ 5 ደብሊው 45፣ ለደብሊው 5 ደብሊው 50 ሉመን ያህል ነው። ብርሃን በረታ ለማለት በ5 ዋቱ ቦታ 10 ወይም 21 ዋት ክር ያለው አምፖል መግጠም ትልቅ ስሕተት ነው። ክር ያለው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ነውና ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ሽቦውም ይጎዳል።

ቮልቱንም መመልከት ያስፈልጋል። የቤት አውቶሞቢል፣ ሚኒባስና ባጃጅ 12 ቮልት ናቸው። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖችና ትልልቅ አውቶቡሶች ግን 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት ላይ ቢገጠም ወዲያውኑ ይቃጠላል፤ የ24 ቮልቱ በ12 ላይ ቢገጠም ደግሞ ፈዝዞ ይቀራል። ስለሆነም አሮጌውን አምፖል ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

በእርግጥ የተቃጠለው አምፖሉ ነው?

መብራት ስላልበራ ብቻ አምፖል መግዛት ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ማየት ይገባል።

1ኛ. ማብሪያው በየትኛው ቦታ ላይ ነው? አብዛኛው የጣሪያ መብራት ሦስት ቦታ አለው፤ ሁልጊዜ የሚበራበት፣ የሚጠፋበትና በር ሲከፈት ብቻ የሚበራበት። ልጆች ሲጫወቱ ወደ ማጥፊያው ገፍተውት ሊሆን ይችላል።

2ኛ. በማብሪያው እየበራ በር ሲከፈት የማይበራ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው በበሩ ምሰሶ ላይ ባለችው ትንሽ መግቻ ነው። በአሶሳና በአካባቢው የበጋው አቧራና የረጅሙ ክረምት እርጥበት ተፈራርቀው ይህችን መግቻ ያቆሽሿታል፤ ያዝጓታልም። ብዙ ጊዜ ጠርጎ ማጽዳት ብቻ ይበቃታል።

3ኛ. ከመብራቱ ጋር የመኪናው ሰዓት ወይም የራዲዮው ትዝታ አብሮ ከጠፋ ፊውዙ ተቃጥሏል ማለት ነው። በብዙ መኪኖች እነዚህ በአንድ መስመር ላይ ናቸውና።

4ኛ. ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ አምፖሉን አውጥቶ በብርሃን ፊት መመልከት ነው። ክሩ ተበጥሶ ወይም መስታወቱ ጠቁሮ ከታየ ጊዜው አልፏል። በወጣ ገባ መንገድ ብዙ የሚመላለስ መኪና ክሩ በንቅናቄ ብዛት ቶሎ እንደሚበጠስ የታወቀ ነው።

አለዋወጡ

መሣሪያው ትንሽ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅና ቴስተር ነው። ቴስተር ባይኖርም ይሠራል።

በመጀመሪያ ሞተሩንና መብራቱን ያጥፉ፤ ቁልፉንም ያውጡ። አምፖሉ ሲበራ ቆይቶ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ትንሽ ቢሆንም ጣት ያቃጥላል። ቀጥሎ የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው በሽፋኑ ጠርዝ ላይ ባለችው ትንሽ ክፍተት ያስገቡና በቀስታ ያንሱ። ፀሐይ የመታው አሮጌ ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰበራልና ጉልበት አይጠቀሙ። አዳዲስ መኪኖች በጣሪያው ጠርዝና በምሰሶዎቹ ውስጥ የአየር ከረጢት ሊኖራቸው ስለሚችል ከመብራቱ ሽፋን ውጭ ያለውን የጣሪያ ልባስ መጎርጎር አይገባም።

ተጋድሞ የሚቀመጠውን አምፖል ለማውጣት ከሁለቱ ብረቶች አንዱን በጣት ገፋ አድርገው ከአንድ ጫፍ በኩል ይሳቡት። ተሰኪውን ደግሞ ቀጥታ ወደ ውጭ ይሳቡት፤ አያዙሩት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ብረቶች በካቻቢቴ አንድ ላይ ከነኩ ፊውዝ ይቃጠላል። ብረቶቹ ዝገው ከሆነ በቀስታ ይፈግፍጓቸው፤ ላልተው ከሆነ ጠበብ ያድርጓቸው። አዲሱን አምፖል በጨርቅ ይዘው ያስቀምጡ፣ ያብሩ፣ መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ ሽፋኑን አጥበውና አድርቀው ይመልሱ። የቆሸሸ ሽፋን ብርሃኑን ስለሚቀንሰው «መብራቱ ደከመ» የሚባለው አንዳንዴ ሽፋኑን በሳሙና በማጠብ ብቻ ይስተካከላል።

ወደ ኤልኢዲ ስለ መለወጥ

ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ክር የለውም። ኤሌክትሪክ በአንዲት ቅንጣት ቁስ ውስጥ ሲያልፍ በቀጥታ ብርሃን ይሰጣል። ለዓይን የሚታየው ቀይ ኤልኢዲ በአሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠራ። ሰማያዊው ግን ለአያሌ ዓመታት አስቸግሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን ሊቃውንት ተሳካ፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራም ለዚህ ሥራቸው የ2014ን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ዛሬ የምናየው ነጭ ኤልኢዲ በአብዛኛው ሰማያዊው ብርሃን በቢጫ ቅብ ውስጥ አልፎ የሚገኝ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። 5 ዋት ከሚወስደው ባለ ክር አምፖል ጋር የሚተካከል ብርሃን አንድ ዋት ያህል በሚወስድ ኤልኢዲ ይገኛል። ሙቀቱ አነስተኛ ነው፤ ንቅናቄም አይበጥሰውም። ለባትሪ ያለውን ጥቅም በሒሳብ እንየው። ባለ 5 ዋቱ አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 0.4 አምፔር ያህል ይስባል። ባለመኪናው ዓርብ ማታ ሳያጠፋው ወጥቶ ሰኞ ማታ ቢመለስ በ72 ሰዓት ውስጥ 30 አምፔር ሰዓት ሄዷል። ባትሪው የ45 አምፔር ሰዓት ከሆነ ሞተር ማስነሳቱ ያጠራጥራል፤ አሮጌ ከሆነማ አያስነሳም። አንድ ዋት ኤልኢዲ ቢሆን ኖሮ የሚሄደው 6 አምፔር ሰዓት ብቻ ነበር። ይሁንና ከመተኛታችን በፊት መብራት ማጥፋትን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርን እንደ መሆናችን፣ ቤታችን ውስጥ የምናደርገውን በመኪናችንም ማድረግ ይገባናል።

ኤልኢዲ ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ልኩ ከሽፋኑ በታች የሚገባ ይሁን፤ ቅንጣቶች የተደረደሩበት ትልቅ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ አይገባም። ሁለተኛ፣ ከ50 እስከ 100 ሉመን ለአንድ ቤተሰብ መኪና በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ነው። ሦስተኛ፣ የቀለሙን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር ያንብቡ። 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለው እንደ ድሮው አምፖል ወደ ቢጫ ያደላ ነው፤ 6000 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። ለመኪና ውስጥ የመጀመሪያው ይመረጣል። ምክንያቱን እነሆ።

ብርሃን ሲበዛ ሾፌሩ ምን ያያል?

ማታ ቤታችን ውስጥ መብራት አብርተን በመስኮቱ መስታወት ብንመለከት የምናየው የራሳችንን ፊት ነው፤ ግቢውን አናይም። መብራቱን ስናጠፋ ግን ግቢው ይታያል። የመኪናም የፊት መስታወት ከዚህ የተለየ አይደለም። ውስጡ ሲደምቅ ወንበሩ፣ ተሳፋሪውና ዳሽቦርዱ በመስታወቱ ላይ ይንጸባረቃሉ፤ የመንገዱ ዳር ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት በዓይናችን አፈጣጠር ላይ ያለ ነው። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሸጋገር ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። በጨለማ የሚያዩልን የዓይን ክፍሎች ይበልጥ የሚነኩት በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን ሲሆን ቀይ ብርሃን እምብዛም አይረብሻቸውም። ስለዚህ ዛሬ በየተሽከርካሪው የሚታየው ሰማያዊ መብራት ለጌጥ ያማረ ቢመስልም የሌሊት እይታን ከሁሉ ይበልጥ የሚያደክመው እሱ ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልነውም ይህ ነው፤ ነጭ የሚመስለው ኤልኢዲም በውስጡ ብዙ ሰማያዊ አለው።

ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አንድን ሰው ሦስት ሴኮንድ ዘግይቶ ቢያየው መኪናው 50 ሜትር ቀርቧል ማለት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ላይ የተሠራውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ሆኖም ከተማ ለቀን ስንወጣ በሌሊት መንገዱን የሚያሳየን የጨረቃ ብርሃንና የራሳችን የፊት መብራት ነው። በዚያ መንገድ ዳር ለሱብሒ ሰላት የወጣ አዛውንት፣ እንጨት የተሸከመች እናት፣ ከብት የሚነዳ ልጅ አለ። አብዛኛው የለበሰው ልብስ አያንጸባርቅም። የእነዚህ ሰዎች ነፍስ ሾፌሩ አርቆ በማየቱ ላይ ያለ ነው።

ስለሆነም ደንቡ አጭር ነው፦ መኪና ሲቆም ይብራ፣ ሲንቀሳቀስ ይጥፋ። በጉዞ ላይ የግድ መብራት ካስፈለገ የኋላው ብቻ ይብራ፤ ወይም መኪናው ዳር ይዞ ይቁም። ለሚኒባስ የተሻለው አሠራር የፊቱንና የኋላውን መብራት በየራሱ ማብሪያ መለየት፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ደረጃውን ብቻ የምታሳይ፣ ወደ ታች የምታበራ ትንሽ ቢጫ መብራት መግጠም ነው። ይህች ትንሽ መብራት በስፖኪዮውም ሆነ በፊት መስታወቱ ላይ ሳትንጸባረቅ ለሚወርደው ሰው እግሩን ታሳየዋለች።

ፊውዝ የሌለው ሽቦ

በባጃጅና በሚኒባስ ላይ ለጌጥ ተብሎ የሚለጠፈው ሪባን መሰል ኤልኢዲ አደጋው በብርሃኑ ብቻ አያበቃም። ብዙ ጊዜ ሽቦው ከባትሪው በቀጥታ ይወሰድና ያለ ፊውዝ ይገጠማል። ሽቦው በብረት ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ልባሱ ሲያልቅ ባትሪው በአንድ ጊዜ መቶዎች አምፔር ይለቅበታል። ቀጭኑ ሽቦ በሴኮንዶች ውስጥ ይግላል፤ ልባሱ ይቀጣጠላል። ባጃጅ ደግሞ ሸራና ፕላስቲክ ነው፤ የቤንዚን መያዣውም ከተሳፋሪው ወንበር ብዙ አይርቅም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። እንዲህ ያለው ሪባን እንደ ዓይነቱ በሜትር ከ5 እስከ 15 ዋት ይወስዳል። ሁለት ሜትር ቢገጠም ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል አምፔር ነው። ስለዚህ ከባትሪው አጠገብ፣ በፕላሱ ሽቦ ላይ 3 አምፔር ፊውዝ ማስገባት ይበቃል። ሽቦው በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ይደረግለት፤ መጋጠሚያው በሚገባ ይጠቅለል። በመኪናው ፊውዝ ሳጥን ውስጥም ቢሆን የተቃጠለው ቀይ (10 አምፔር) ከሆነ በቀይ፣ ሰማያዊ (15 አምፔር) ከሆነ በሰማያዊ ይተካ። በሽቦ ቁራጭ ወይም በሚያብረቀርቅ የሲጋራ ወረቀት መተካት ፈጽሞ አይገባም። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ላይ የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ ያን ፈልጎ ማግኘት ነው እንጂ ፊውዙን ማወፈር መፍትሔ አይሆንም።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለጀመሩ ወጣት ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ባለ ባጃጁ ሽቦው በየት እንዳለፈ አያይም፤ ተሳፋሪዋ እናትም አታይም። ያየው ሠሪው ብቻ ነው። ፊውዝ ያስገባና ያላስገባ ሠራተኛ ዋጋቸው በገበያ እኩል ሊሆን ይችላል፤ በአማና ሚዛን ግን አይተካከሉም።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አዲሱ ኤልኢዲ ጨርሶ አልበራም፤ ተበላሽቷል ማለት ነው?
መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ኤልኢዲ ፕላስና ማይነስ ይለያል። አውጥተው ገልብጠው ይግጠሙት። ያን ጊዜም ካልበራ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ካጠፋሁት በኋላ በደብዛዛው ይበራል፤ ለምን?
መልስ፦ አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች አምፖሉ ደኅና መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይልካሉ። ባለ ክሩን አምፖል አያበራውም፤ ለኤልኢዲ ግን ይበቃዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ተብሎ የተሠራ ኤልኢዲ ይግዙ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና አምፖል ራሴ ልለውጥ እችላለሁ?
መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። የእነዚህም የውስጥ መብራት አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ከፋብሪካ ኤልኢዲው ተደፍኖ የመጣላቸው ስለሆነ የሚለወጠው አምፖሉ ሳይሆን ሙሉ ዕቃው ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ግን ማንም እንዳይነካ፤ ከፍተኛ ቮልት የተሸከሙ ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ መኪና ወይም ባጃጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱና የትኛው መብራት እንደማይበራ ተመልከቱ። አንድ ትርፍ አምፖልና ሁለት ሦስት ፊውዝ በትንሽ ሣጥን አድርጋችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ለታዳጊው ልጅ አለዋወጡን አሳዩት፤ እጁ ሥራ ይለምዳል። የምትሳፈሩ ደግሞ ሾፌሩ መብራቱን ሲያጠፋ አትቆጡት፤ ወንድሜ፣ ስንወርድ ታበራልናለህ በሉት።